የድሮ ቤት የመብራት መስመር እንዴት ይታደሳል? ከምጣዱ ጀምሩ

ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና ወይም መሐል ሜዳ ላይ ያረጀ የጭቃ ቤት ያለው ሰው ዕድሳት ሲያስብ ቶሎ የሚታየው ቀለሙና ኮርኒሱ ነው። ከኮርኒሱ በላይ ያለውን ሽቦ የሚያስታውስ የለም። ብዙዎቹ ቤቶች መብራት ሲገባላቸው የታሰበው ለጥቂት አምፖልና ለሬዲዮ ነበር። ዛሬ በዚያው ሽቦ እንጀራ ይጋገራል፣ ወጥ ይሠራል፣ ፍሪጅ ይሰካል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጩ ሲበረታ ደግሞ ማሞቂያ ይታከላል።

ገንዘብ ካጠረ ሁሉን በአንድ ጊዜ መቀየር ግድ አይደለም። ዋናው ቅደም ተከተሉ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ጓዳው ይቀድማል፤ የሳሎኑ ጌጠኛ መብራት ይቆይ።

መጀመሪያ ሳትነኩ እዩ

በቀን ብርሃን ቤቱን ዙሩ። ምጣድ የሚሰካበትን ሶኬት ጠጋ ብላችሁ እዩት። ነጩ ፕላስቲክ ቀዳዳዎቹ አካባቢ ቡናማ ሆኗል? ጠርዙ ለስልሶ ተጣሟል? የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል? ከሦስቱ አንዱ እንኳ ካለ ሶኬቱ ዕድሜውን ጨርሷል። ከጀርባው ያለው ሽቦም አብሮት ሳይነካ አይቀርም።

ቀጥሎ ምጣዱ ሲበራ አምፖሉ ደብዘዝ ይል እንደሆነ ተመልከቱ። ማብሪያ ማጥፊያው ሲነካ ይንጣጣል? ዲቫይደር ላይ ሌላ ዲቫይደር ተሰክቷል? ሽቦው የቆርቆሮ ጠርዝ ላይ ተደግፏል? ክረምት ላይ ግድግዳው የሚረጥበው የት ጋ ነው? የኮርኒሱን አይጥም አትርሱ። ሽቦ ይልጣል።

አንድ ነገር ላይ ግን ጠንከር ልበል። «ምጣዱ ትንሽ ይነዝራል፣ ጫማ አድርጌ እጋግራለሁ» የሚል ሰው በየሰፈሩ አለ። ይህ የሚለመድ ነገር አይደለም። ኤሌክትሪኩ የምጣዱን ብረት አግኝቷል ማለት ነው። ዛሬ ትንሽ የነዘረ፣ ወለሉ በረጠበ ቀን ይገድላል። እስኪጠገን ድረስ ምጣዱን ንቀሉት።

ቀጥሎ ሒሳቡን ሥሩ

ዕቃው ላይ የተለጠፈችውን ምልክት አንብቡና ዋቱን ለ220 ቮልት አካፍሉት። የ3,500 ዋት ምጣድ 16 አምፔር ገደማ ይስባል። ተራው የግድግዳ ሶኬት ቢበዛ የሚችለው ደግሞ ይህንኑ 16 አምፔር ነው። ምንም ትርፍ የለውም፤ ያውም አዲስ ሲሆን። እዚያው መስመር ላይ የ2,000 ዋት ምድጃ ሲጨመር 25 አምፔር ይደርሳል።

ብሬከር ቶሎ ቶሎ ሲወርድ ብዙ ሰው የሚያደርገው ምንድን ነው? ከፍ ያለ ገዝቶ ይቀይራል። መውረዱም ይቆማል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ብሬከሩ ግን የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ቀጭን ሽቦ ላይ 32 አምፔር ካሰራችሁ ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ይግላል፣ ብሬከሩም ዝም ብሎ ያያል። የጭቃ ቤት ማገርና ወራጅ እንጨት መሆኑን አስቡ። ለመብራት ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ከ10 አምፔር ብሬከር ጋር፣ ለተራ ሶኬት ባለ 2.5 ሽቦ ከ16 አምፔር ጋር ይሄዳል። በአሮጌው ፊውዝ ቦታ ሽቦ ወይም የሲጋራ ወረቀት ተጠቅልሎ ካገኛችሁ መስመሩን ዛሬውኑ አጥፉት።

የምጣዱን መስመር ለብቻ አውጡ

ትልቁ ሥራ ይህ ነው። ከብሬከር ሳጥኑ በቀጥታ ወደ ጓዳ የሚሄድ፣ መሐል ላይ ያልተቀጠለ፣ ባለ 4 የመዳብ ሽቦ ይዘርጋ። ሦስት ገመድ ይሁን፤ ሦስተኛው ለግራውንድ፣ ያመለጠውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ለማውረድ ነው። ብሬከሩ 20 አምፔር ይበቃል። ጫፉ ላይ ተራ ሶኬት አታድርጉ፤ ለከባድ ዕቃ የተሠራውን ጠይቁ።

ሽቦው በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ይለፍ። እንዲሁ ተለስኖበት የተቀበረ ሽቦ ግድግዳው እርጥበት ሲስብ ችግር ያመጣል። ቱቦው አይጥንም ይከላከላል። መቀጠል ግድ ከሆነ ጠምዝዞ ናስትሮ መጠቅለል አይበቃም። በብሎን በሚጠብቅ ማያያዣ፣ ክዳን ባለው ሳጥን ውስጥ ይሁን። አልሙኒየምና መዳብን በቀጥታ አትጠምዝዙ፤ መጋጠሚያው እየላላ፣ እየጋለ ይሄዳል።

ይህን ሥራ ለኤሌክትሪሺያን ስጡ። የተሰበረ ማብሪያ ማጥፊያ ራሳችሁ የምትቀይሩ ከሆነም ዋናውን ብሬከር አውርዱና ለቤተሰቡ ሁሉ ንገሩ፤ «መብራት ጠፋ እንዴ?» ብሎ መልሶ የሚያበራ አይጠፋም። ቴስተሩን መጀመሪያ ኤሌክትሪክ ባለበት ቦታ ሞክሩት፣ ከዚያ በምትሠሩበት ላይ። በሽቦው ቀለም አትመኑ። ድሮ የተገኘው ሽቦ ነበር የሚዘረጋው።

ግራውንድ

በብዙ የድሮ ቤት የሶኬቱ ሦስተኛ ጫፍ ከምንም ጋር አልተያያዘም። ሠራተኛው ከኒውትራል፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን ወደ መጣበት ከሚመልሰው ሽቦ ጋር ላገናኘው ካላችሁ እምቢ በሉ። ኒውትራሉ የተበጠሰ ቀን የምጣዱም የፍሪጁም ብረት ኤሌክትሪክ ይሸከማል።

ትክክለኛው መንገድ 1.5 ሜትር ገደማ የሚሆን መዳብ የተለበጠ ዘንግ መሬት ውስጥ መትከል ነው። ቦታው ዓመቱን ሙሉ ርጥብ የሆነ ይመረጥ፤ የዕቃ ማጠቢያው ውሃ የሚፈስበት ጥግ ጥሩ ነው። መረሬ አፈር ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በበጋ ተሰነጣጥቆ ከዘንጉ ይለያያል። አለታማ የሆነው የመንዝ ወይም የአንኮበር መሬት ላይ ዘንጉ ላይገባ ይችላል፤ ቆርጦ መቅበር ግን መፍትሔ አይደለም። ባለሙያው አግድም ይቅበር ወይም ቦታ ይቀይር፣ ሲጨርስም በመሣሪያ ለክቶ ያሳያችሁ።

ከዚህ በኋላ ገንዘብ ከተረፈ 30 ሚሊአምፔር ላይ የሚቆርጥ የሊኬጅ ብሬከር አስገቡ። ተራው ብሬከር ሰው ሲነዘር አይወርድም፤ ይህኛው ግን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲያመልጥ ወዲያው ያጠፋል። ፊቱ ላይ ያለችውን የመሞከሪያ ቁልፍ በየወሩ ተጫኗት። ካላጠፋ ተበላሽቷል።

ቆጣሪውንና ከምሰሶ የሚመጣውን ሽቦ ግን አትንኩ፤ ሠራተኛችሁም አይንካ። ቆጣሪው ጋ ሽቦ ከጋለ ወይም ደጅ ላይ ከተበጠሰ ሰው አታስጠጉ፣ ወደ ኤሌክትሪክ አገልግሎት 905 ደውሉ።

እየጋገራችሁ መብራት ከሄደ ምጣዱን ወዲያው ንቀሉ። «አሁን ይመጣል» ተብሎ እንደተሰካ ተትቶ፣ ሰው ገበያ ወጥቶ ሳለ መብራቱ ይመጣል።

ቁፋሮውንና ልስኑን ከሰኔ በፊት ጨርሱ፤ ክረምት ላይ የተለሰነ ጭቃ አይደርቅም። ሠራተኛው ሳይሄድ በፊት ደግሞ እያንዳንዱ ብሬከር የየትኛው ክፍል እንደሆነ ሳጥኑ ላይ በእስክሪብቶ አስጽፉት።