ሠርግ ላይ ካሜራ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ችግር፦ ቀረጻው በራሱ ይቆማል

ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ሠርግ ላይ ሽማግሌው መዳፋቸውን ዘርግተው ይመርቃሉ፤ ዳሱ በሙሉ «አሚን» ይላል። ዓይኔን ከሙሽሮቹ ወደ ስክሪኑ ስመልስ ቀዩ ነጥብ የለም። ከምርቃቱ የተቀረጸው ግማሹ ብቻ ነበር። ይህንን ለሙሽራዋ እናት መንገር ምን ያህል እንደሚከብድ የደረሰበት ያውቀዋል።

መንስኤውን ለመለየት የቆመበትን ደቂቃ ተመልከቱ። ሁልጊዜ 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ላይ ከሆነ ካሜራው አልተበላሸም። 30 ደቂቃና ከዚያ በላይ የሚቀርጽ መሣሪያ በአውሮፓ ኅብረት እንደ ቪዲዮ ካሜራ ይቀረጥ ስለነበር አምራቾች የፎቶ ካሜራዎችን ከዚያ በታች ገድበዋቸው ነበር፤ ዛሬም በእጃችን ያሉት ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ናቸው። ሁልጊዜ 14 ደቂቃ አካባቢ የሚቆም ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከካርዱ ነው። ፋት32 በሚባለው ሥርዓት ፎርማት የተደረገ ካርድ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም፤ በሰከንድ 40 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ ይህንን በ14 ደቂቃ ገደማ ይሞላዋል። አዳዲሶቹ ካሜራዎች ሌላ ፋይል ከፍተው ይቀጥላሉ፤ ከቆዩት አንዳንዶቹ ግን ዝም ብለው ይቆማሉ። የሚቆመው ጥቂት ሰከንድ ብቻ ቀርጾ፣ ያውም በተለያየ ጊዜ ከሆነ ካርዱ ዘገምተኛ ነው፤ 4ኬ ለሚባለው ከፍተኛ ጥራት ቀረጻ ቢያንስ «ቪ30» (V30) የተጻፈበትን ግዙ።

መፍትሄው ካሜራው ሳይቀድማችሁ ራሳችሁ መቁረጥ ነው። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠርገው ከመቀመጫቸው ሲነሡ አቁሙና ወዲያው እንደገና አስጀምሩ። የምታጡት አንድ ሁለት ሰከንድ ነው፤ ምርቃቱ ግን ካሜራው በአንድ ጊዜ የሚቀርጸውን ደቂቃ ሙሉውን ያገኛል።

የሙቀት ምልክት አሳይቶ ከጠፋ ጥፋቱ የፀሐዩ ነው። ኮምቦልቻ ላይ እኩለ ቀን ሲሆን ካሜራውን ጥላ ውስጥ አኑሩት፣ ስክሪኑን ከአካሉ ገልጣችሁ አርቁት፣ ሥራ በሌለበት አጥፉት፤ ካልሆነም ከ4ኬ ወደ ፉል ኤችዲ ዝቅ አድርጉ።

ችግር፦ ምስሉ ጉም የለበሰ ይመስላል

ይህ የእኛ አገር ችግር ነው ብል አላጋነንኩም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ከእርሷ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። በመኪናው የዕቃ መጫኛ ውስጥ በደሴ የጠዋት ብርድ የቀዘቀዘ ካሜራ በሐረጎ ጠመዝማዛ ወርዶ፣ ሕዝብ የሞላበትና ወጥ የሚንተከተክበት ዳስ ውስጥ ሲከፈት፣ እርጥቡ አየር ቀዝቃዛውን ሌንስ ነክቶ ውሃ ይሆናል። በጨርቅ ብትጠርጉት ተመልሶ ይለብሳል። ሌንሱን መፍታት ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው፤ እርጥበቱን ወደ ውስጥ ታስገባላችሁና።

ከደሴ ስትነሡ ካሜራውን በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልላችሁ አፉን እሠሩት። ስትደርሱ ሳትከፍቱ ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት አቆዩት፤ ውሃው የሚያርፈው በከረጢቱ ላይ ይሆናል። ባትሪውን ግን በኪሳችሁ ያዙት፤ ብርድ ኃይሉን ይቀንሰዋል።

ችግር፦ የሙሽራዋ ፊት ጠቁሯል

ካሜራው ነጭ ቀሚስና ነጭ ነጠላ በብዛት ሲያይ ብርሃኑ የበዛ መስሎት ይቀንሳል። ብርሃኑን በፊቷ ለኩ፣ ወይም የብርሃን ማካካሻውን (የ+/- ማስተካከያውን) ወደ +1 ከፍ አድርጉና ቀሚሱ ጥልፉን እንዳያጣ በስክሪኑ አረጋግጡ።

ችግር፦ በምስሉ ላይ ጥቋቁር መስመሮች ይንሸራተታሉ

የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ብዙ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ። ካሜራውን በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሸተሩን (ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ላይ አድርጉ።

ችግር፦ ድምፁ ይሰነጠቃል

መንዙማው በድምፅ ማጉያ ሲለቀቅ ማይኩ ከአቅሙ በላይ ይጫነዋል። አውቶማቲኩን አጥፉና ከፍተኛው ድምፅ ከ‑12 ዴሲቤል እንዳያልፍ በእጅ አስተካክሉ። ጦሳ ተራራ ላይ ሙሽሮቹን ስትቀርጹ ደግሞ ማይኩን ጸጉራም መሸፈኛ አልብሱት፤ የነፋስ ድምፅን በኮምፒውተር ማጥፋት አድካሚ ነው፣ ውጤቱም አያረካም።

ችግር፦ ባትሪው ስላለቀ ፋይሉ አይከፈትም

በዚያ ካርድ ላይ ከዚያ በኋላ ምንም አትቅረጹ። ፎርማትም አታድርጉት። የተሞላ ባትሪ አስገብታችሁ ካርዱን ወደ ቀረጸው ካሜራ መልሱት፤ አንዳንድ ካሜራ ሲበራ «ላስተካክለው?» ብሎ ይጠይቃል፣ እሺ በሉት። ካልጠየቀ ካርዱን አውጥታችሁ ለብቻው አስቀምጡና ሠርጉን በሌላ ካርድ ቀጥሉ።