ልጅዎን ሰመር ካምፕ ሲልኩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰመር ካምፕ ልጆች በትምህርት እረፍት ከቤት ርቀው ከእኩዮቻቸው ጋር የሚያድሩበት ቆይታ ነው። ልጅን የሚያሳድገው በውኃ ዋናው፣ በጀልባውና በእግር ጉዞው ብቻ አይደለም። ዋናው ነገር እናትና አባት አጠገቡ ሳይኖሩ ትናንሽ ነገሮችን ራሱ መወሰኑ ነው። ዛሬ ምን ልልበስ? ከማን ጋር ልብላ? ትናንት የተጣላሁትን ልጅ እንዴት ላናግረው? ዓመታት አልፈው እንኳ የሚያስታውሰው በአብዛኛው እንዲህ ራሱ የተወጣውን ነገር ነው። ከታች ያሉት ስህተቶች ለልጅ ካለ ፍቅርና ስስት የመጡ ናቸው፤ ግን ይህን ዕድል ከልጁ እጅ ይወስዱበታል።

«ካልተመቸህ መጥቼ እወስድሃለሁ» ማለት

ከሁሉም የከፋው ይሄ ይመስለኛል። ወላጅ የሚናገረው ልጁን ለማረጋጋት ነው። ልጁ የሚሰማው ግን «እማዬም እንደምችል አላመነችም» የሚለውን ነው። የመጀመሪያው ምሽት መብራት ሲጠፋ ሆዱ ባር ባር ይላል። ያኔ ቃል የተገባለት ነገር ትዝ ይለዋል። አጠገቡ ካለው ልጅ ጋር ከማውራት ይልቅ ቤት የሚደወልበትን ሰዓት መቁጠር ይጀምራል። ካልመጡ ዋሹት። ከመጡ ደግሞ «አቃተኝ» ብሎ ይመለሳል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2007 ስለ ቤት ናፍቆት ባወጣው ሪፖርት ወላጆች እንዲህ ዓይነት ቃል እንዳይገቡ ይመክራል።

ይልቅ እውነቱን ይንገሩት። «ትናፍቀናለህ፣ እኛም እንናፍቅሃለን። ናፍቆት ሲመጣብህ ምን ታደርጋለህ?» ብለው ይጠይቁት። መልሱ ከራሱ ይምጣ፦ ለቡድን መሪው እነግራለሁ፣ ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ ኳስ እጫወታለሁ። ከዚያ በፊት ደግሞ ይለማመድ። ሁለት ሦስት ቀን ዘመድ ቤት ይደር፤ በየሰዓቱም አይደውሉለት።

ናፍቆት በሽታ አይደለም። ከቤት የሚርቅ ልጅ ሁሉ ማለት ይቻላል ትንሽም ቢሆን ይሰማዋል፣ ብዙ ጊዜም እየቀለለ ይሄዳል። ግን ልጁ ቀን ከቀን ምግብ እንቢ ካለ፣ እንቅልፍ ካጣ፣ ጨዋታም ካስጠላው ከካምፑ ኃላፊዎች ጋር በቁም ነገር መነጋገር ያስፈልጋል።

ሳያማክሩ መመዝገብ

«ተመዝግበሃል፣ ሰኞ ትሄዳለህ» የተባለ ልጅ የተባረረ ሊመስለው ይችላል። ሁለት ሦስት ካምፕ አቅርበው ያስመርጡት። የመረጠውን ነገር ሲከብደውም ይታገሰዋል።

ሻንጣውን ብቻዎን ማዘጋጀት

ልብሱን አጥፈው፣ ካልሲውን በየቀኑ ለይተው፣ ሁሉንም በሥነ ሥርዓት ከተው ይልኩታል። ልጁ ግን የእጅ ባትሪው የት እንዳለ አያውቅም። ማታ ሽንት ቤት መሄድ ሲፈልግ ሻንጣውን በጨለማ ይዘረግፋል። እርጥብ የዋና ልብሱንም ከንጹሑ ጋር አጭቆ ሁሉንም ያሸትተዋል፤ ለብቻው ማስቀመጫ ፌስታል እንዳለው የነገረው የለምና። ዝርዝሩን ይስጡትና ራሱ ይክተት። እርስዎ አጠገቡ ቁጭ ብለው ይዩ። አጣጣፉ ቢያስጠላም ይተዉት።

ስልክ ደብቆ መላክ

ብዙ ካምፖች ስልክ ይከለክላሉ። ታዲያ አንዳንድ ወላጅ ካልሲ ውስጥ ሸጉጦ ይልካል። ጉዳቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ልጁ ሕግ መጣስን ከወላጁ ይማራል። ሁለተኛ፣ ሲከፋው አጠገቡ ካለው ሰው ይልቅ ወደ ስልኩ ይሸሻል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ በአሜሪካ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ (ዩሲኤልኤ) ጥናት፣ 5 ቀን ያለ ስልክና ያለ ቴሌቪዥን ካምፕ የቆዩ የ6ኛ ክፍል ተማሪዎችን እንደ ወትሮው ስክሪን ከሚጠቀሙ እኩዮቻቸው ጋር አወዳድሮ ነበር። ካምፕ የቆዩት ልጆች የሰውን ስሜት ከፊቱና ከሁኔታው የማንበብ ችሎታቸው የበለጠ ተሻሽሎ ተገኝቷል። በ5 ቀን!

የመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ መደንገጥ

«እባካችሁ ውሰዱኝ» የሚል ደብዳቤ ሲደርስ የማይርድ ወላጅ የለም። ግን ቀኑን ይዩ። ብዙውን ጊዜ የተጻፈው በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቀን፣ ገና ማንንም ሳይላመድ ነው። እጅዎ እስኪገባ ድረስ ልጁ ጓደኛ አፍርቶ ሊሆን ይችላል። ካምፑ ደውለው «አሁን እንዴት ነው?» ብለው ይጠይቁ። ሲጽፉለት ደግሞ «ያላንተ ቤቱ ጭር አለ፣ ውሻውም ምግብ አልበላም» አይበሉት። በዚያ ፈንታ ስለ እሱ ውሎ ይጠይቁት።

ችግሩን ከካምፑ መደበቅ

አልጋ ላይ መሽናት፣ አስም፣ የምግብ አለርጂ፣ በቅርቡ የደረሰ ሐዘን፣ የወላጆች መለያየት፤ እነዚህን «ልጄ እንዳያፍር» ብለው የሚደብቁ አሉ። የሚያሳፍረው ግን የቡድን መሪው ሳያውቅ ሌሎች ልጆች ፊት ሲጋለጥ ነው። ቀድሞ ያወቀ መሪ ማለዳ ማንም ሳያይ አንሶላውን ይቀይርለታል። በሐኪም የታዘዘ መድኃኒትንም «ለካምፕ ጊዜ ይረፍ» ብለው በራስዎ አያቋርጡ። ልጁ አዲስ ቦታ፣ አዲስ ሰው ዘንድ ሲሆን መድኃኒቱ ይበልጥ ሊያስፈልገው ይችላል።

በፎቶ ብቻ መምረጥ

ሐይቁ ቆንጆ ነው፣ ልጆቹ ይስቃሉ፤ ይሄ ምንም አይነግርዎትም። ካምፑን እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ ሠራተኞቹን ስትቀጥሩ ያለፈ ታሪካቸውን ታጣራላችሁ ወይ? ልጆች ውኃ ከመግባታቸው በፊት የዋና ችሎታቸው ይፈተሻል? ነርስ አለ? አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ከሰው ዓይን ተሰውሮ እንዳይቀር ምን ደንብ አላችሁ? የአሜሪካ የካምፕ ማኅበር ለአዳሪ ካምፖች ባወጣው መስፈርት ከ6 እስከ 8 ዓመት ላሉ ልጆች ለ6 ልጅ አንድ ሠራተኛ፣ ከ9 እስከ 14 ላሉት ለ8 ልጅ አንድ ሠራተኛ ያስፈልጋል። ልጅዎ በየትም ይዋል በየት ይህን ቁጥር ይዘው መጠየቅ ይችላሉ። መልሳቸውን የሚያድበሰብሱ ከሆነ ሌላ ካምፕ ይፈልጉ። ለልጅዎም ሰውነቱን ማንም እንዳይነካበት፣ «ምስጢር ነው» ቢባል እንኳ ለሚያምነው አዋቂ መናገር እንዳለበት በግልጽ ይንገሩት።

ሲመለስ በጥያቄ ማጣደፍ

ገና መኪና ሳይገባ «እንዴት ነበር? ምን ተማርክ? በላህ?» ይባላል። እሱ ደክሞታል፣ ጓደኞቹንም አሁን መናፈቅ ጀምሯል። «ደህና ነበር» ብሎ ዝም ቢል አይከፋዎት። ይተኛ፣ ይታጠብ። ወሬው በኋላ፣ ሳይጠሩት ይመጣል፦ እራት ላይ፣ ወይ በካምፑ መዝሙር መሃል። ሲያወራ እርማት ሳይሰጡ ይስሙት። ትዝታ የሚጸናው ደጋግሞ በማውራት ነው። አንድ ነገር ግን ቶሎ ያድርጉ፦ የጓደኞቹን ወላጆች ስልክ እዚያው ካምፑ በር ላይ ይቀበሉ። ትምህርት ሲከፈት ልጆቹ በራሳቸው መገናኘት ይከብዳቸዋል። ለአንዱ ልደት፣ ለአንዱ ቅዳሜ የሚያገናኛቸው አዋቂ ያስፈልጋል።