መሬት ጤፍ ብታክል፦ ከልጆች ጋር ጠፈርን በቤት ማየት

መብራት ሲጠፋ ልጆች ይነጫነጫሉ። ቴሌቪዥኑ ጸጥ፣ ስልኩም ቻርጅ የለው። ያን ጊዜ ይዛችኋቸው ደጅ ውጡ። በተለይ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት የጎጃም ሰማይ ጥርት ይላል። ቴሌስኮፕ አያስፈልግም።

ብርዱ ቀላል አይደለምና አጎዛ አንጥፉ፣ ጋቢ ደርቡላቸው። ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ 20 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። በመሀል አንዱ የስልኩን ባትሪ ካበራ እንደገና ከመጀመሪያው ነው። ባትሪውን በቀይ ፌስታል ሸፍኑት፤ ቀይ ብርሃን ዓይንን ያን ያህል አይረብሸውም።

መጀመሪያ የሰሜን ኮከብን ፈልጉ። ልጁ ቀኝ እጁን ፀሐይ ወደምትወጣበት ሲዘረጋ ፊቱ ወደ ሰሜን ይሆናል። አሁን ክንዱን ወደ ፊት ዘርግቶ ጡጫውን ይጨብጥ፤ የጡጫው ታች ሰማይና ምድር የሚገናኙበትን መስመር ይንካ። ልክ ከጡጫው ጫፍ አጠገብ ለብቻዋ ያለችው፣ ብዙም የማትደምቀው ኮከብ እሷ ናት። ባሕር ዛፍ ወይም ተራራ ከጋረዳት ቦታ ቀይሩ።

ለምን አንድ ጡጫ? በተዘረጋ ክንድ ጫፍ ያለ ጡጫ 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል። ደብረ ማርቆስም ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። የሰሜን ኮከብ ከፍታ ምንጊዜም ከምድር ወገብ ምን ያህል ወደ ሰሜን እንደራቃችሁ ይነግራል። ልጁ በባዶ እጁ መሬት ላይ የት እንዳለ ለካ ማለት ነው! እኔ ከሁሉም ይህን እወዳለሁ።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ደግሞ ደመና ከሌለ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ወደ ደቡብ ዙሩ። ሁለት ጡጫ ከፍ ብሎ የደቡብ መስቀል ይታያል። አውሮፓ ያለ ልጅ ይህን ከቤቱ ሆኖ አያየውም።

በዚያው በሚያዝያ የቀን ሥራም አለ። ሚያዝያ 9 አካባቢ ደብረ ማርቆስ ላይ ፀሐይ ትክክል አናት ላይ ትሆናለች፤ ባሕር ዳር ላይ ሦስት ቀን ያህል ዘግይታ። ዱላ ቀጥ አድርጋችሁ ትከሉ። 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ጥላው ይጠፋል። ልጆቹ ጥላውን ይዩ እንጂ ፀሐይዋን ቀና ብለው እንዳያዩ።

ጨረቃ ለምን ትጎድላለች ካሉ ድንች ይበቃል። ድንቹን በእንጨት ሰክታችሁ ለልጁ ስጡት፣ ክፍሉን አጨልሙና አንድ ሻማ አብሩ። ፊቱን ወደ ሻማው አድርጎ ይቁም፤ ድንቹን ከፊቱ፣ ከራሱ ትንሽ ከፍ አድርጎ ይዞ ቀስ እያለ ወደ ግራ ይዙር። ሻማው ፀሐይ ነው፣ የልጁ ራስ መሬት። ድንቹ መጀመሪያ ይጨልማል፣ ከዚያ ማጭድ ይመስላል፣ ጀርባውን ለሻማው ሲሰጥ ሙሉ ይሆናል።

አሁን ወደ ጓዳ ግቡ። መሬት አንድ ፍሬ ጤፍ ናት እንበል። ጤፏን ነፋስ እንዳይወስዳት ወረቀት ላይ በሙጫ አጣብቋት። ፀሐይ ታዲያ 11 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላት የጨርቅ ኳስ ትሆናለች። ኳሷን በር ላይ አስቀምጡና በአዋቂ እርምጃ 16 ቁጠሩ። ጤፏን እዚያ አኑሩ። ጨረቃ ከጤፏ 3 ሴንቲ ሜትር ርቃ የተቀመጠች ብናኝ ናት፤ የሰው ልጅ እስካሁን እግሩን ያሳረፈው እዚያ ድረስ ብቻ ነው።

ከዚያ ለሌሎች ፕላኔቶች ከኳሷ ጀምራችሁ ቁጠሩ። ጁፒተር ተለቅ ያለች ሽምብራ፣ 80 እርምጃ ላይ። ሳተርን አተር፣ 150 ላይ። ኔፕቱን ምስር ናት፣ 470 ላይ፤ ከግቢ ወጥታችሁ መንገድ መያዝ አለባችሁ። ልጆቹ እዚያ ቆመው ወደ ኋላ ይዙሩና ኳሷን ይፈልጓት።

ከፀሐይ ቀጥላ ለእኛ የምትቀርበውን ኮከብ ለማስቀመጥ ግን ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ መሄድ ያስፈልጋል። ከደብረ ማርቆስ ኢየሩሳሌም እንኳ ያን ያህል አትርቅም።