የጋሼ ጊታር እንዴት ወደ ድምፁ ተመለሰ

ጊታሩ ደሴ ሰኞ ገበያ አጠገብ ካለችው የእንጨት ሥራ ቤቴ የገባው በጋቢ ተጠቅልሎ ነው። ያመጣው አጎቴ ነው፤ እኛ ቤት ሁላችንም ጋሼ እንለዋለን። በወጣትነቱ በቀበሌ ኪነት ይጫወትበት ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ጊታሩ ሳሎን ግድግዳ ላይ፣ ቡና ከሚፈላበት ጥግ በላይ፣ በሚስማር ተንጠልጥሎ ብዙ ዓመት ኖረ። ጋቢውን ስገልጠው የዕጣንና የጭስ ሽታ ወጣ። ደረቱ፣ ማለትም ቀዳዳው ያለበት የፊት ሰሌዳ፣ አንድ ስንዝር ያህል ተሰንጥቋል፤ ክሮቹ የሚታሰሩበት ድልድይ ከኋላው ተነሥቷል፤ መቃኛዎቹ ዝገዋል። ጋሼ ቆሞ፣ "ይድናል?" አለኝ። ስለ ወንበርና ስለ ቁም ሣጥን እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም።

ዳነ። ሥራው ሁለት ወር ገደማ ፈጀ፤ አብዛኛው ጊዜ የሄደው በመጠበቅ ነው። እንዲህ ያለ ጊታር ቤቱ ያለ ሰው የሠራሁትን ተከትሎ መሞከር ይችላል፤ የሚያስፈልገው ውድ መሣሪያ ሳይሆን ትዕግሥት ነው።

መጀመሪያ ምን እንደጎዳው ፈልጉ

ምክንያቱ ሳይታወቅ የተጣበቀ ድልድይ ሳይቆይ መልሶ ይነሣል። የዚህ ጊታር ሕመም ገና ሳገላብጠው ታየኝ፤ ለናይለን ክር በተሠራ ጊታር ላይ የብረት ክር ታስሮበታል። ጋሼን ስጠይቀው፣ "ናይለን በጠፋበት ጊዜ የተገኘውን አሰርኩበት፤ ድምፁም ጎላ አለልኝ" አለ። እውነቱን ነው፣ ይጎላል። ነገር ግን ስድስት የብረት ክሮች ተቃኝተው ሲወጠሩ በድምሩ 70 ኪሎ ግራም ያህል ይስባሉ፤ የናይለኖቹ ስበት 40 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። የጊታር ደረት ውፍረቱ ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። በዚያ ስስ እንጨት ላይ ከግማሽ ኩንታል በላይ ሸክም ሌሊትና ቀን ለዓመታት ተጭኖበት ኖሯል ማለት ነው።

የእናንተ ጊታር የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ድልድዩን እዩ። ክሩ እዚያው ላይ በቋጠሮ የሚታሰር ከሆነና የአንገቱ ስፋት በላይኛው ጫፍ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ከሆነ የናይለን ጊታር ነው። የክሩ ጫፍ ትንሽ የናስ ጉጥ ኖሮት በችካል ተይዞ ወደ ውስጥ የሚገባ ከሆነና አንገቱም ጠበብ ካለ የብረት ክር ጊታር ነው። በብረት ክር ጊታር ላይ ናይለን ቢታሰር ድምፁ ይደክማል እንጂ እንጨቱ አይጎዳም። የናይለኑን ጊታር ግን የብረት ክር ይሰብረዋል።

አሮጌዎቹን ክሮች ተወጥረው ሳሉ በፒንሳ አትቁረጡ። ሁሉንም በየተራ ጥቂት ጥቂት እያላላችሁ አውርዱ። ከዚያ ትንሽ መስታወት በቀዳዳው አስገብታችሁ በስልክ መብራት ውስጡን መርምሩ፤ ደረቱን ከውስጥ የሚደግፉት ዘንጎች የተላቀቁ ከሆነ በጣት አንጓ ስታንኳኩ ይንጣጣሉ። የጋሼ ጊታር ደግሞ ሲነቀነቅ የሚንኳኳ ነገር ነበረው። አንድ የሸሚዝ ቁልፍ ወጣ፤ ጋሼ ተቀብሎ ኪሱ ከተተው።

ስንጥቁ ከሙጫ በፊት እርጥበት ይፈልጋል

ደሴ በሐምሌና በነሐሴ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ቤት የሚገባባት ከተማ ናት፤ በበጋ ደግሞ አየሩ ይደርቃል። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ በጎኑ ያብጣል፣ ሲደርቅ በጎኑ ይሰበሰባል፤ ርዝመቱ ግን እምብዛም አይለወጥም። ስንጥቅ የእንጨቱን መስመር ተከትሎ የሚሄደው ለዚህ ነው። በዚህ ላይ ከታች የከሰል ሙቀት ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን ገምቱት።

ብዙ አናጢ የተሰነጠቀ ደረት ሲያይ የመጋዝ ብናኝ ከኮላ ጋር ለውሶ ይሞላዋል። በጠረጴዛ ላይ እኔም አደርገዋለሁ። በጊታር ላይ ግን ያ ሙሌት ሽብልቅ ይሆናል፤ ክረምት መጥቶ እንጨቱ ሲያብጥ መሄጃ ያጣና በሌላ በኩል ይሰነጠቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ስንጥቁ በራሱ እንዲገጥም እርዱት። ቀዳዳ ቀዳዳ ባለው የሳሙና ማስቀመጫ ውስጥ በደንብ የተጨመቀ እርጥብ ስፖንጅ አኑሩ፤ በሲባጎ አስራችሁ በድምፅ ማውጫው ቀዳዳ ወደ ውስጥ አንጠልጥሉት፤ ጊታሩን በትልቅ ፕላስቲክ ሸፍኑት፤ ስፖንጁንም በየሁለት ቀኑ አርጥቡት። ውሃ መንጠባጠብ የለበትም።

በመጀመሪያው ቀን በስንጥቁ ውስጥ የደብተር ሽፋን ይገባ ነበር። በአምስተኛው ቀን የሚገባው የደብተሩ ቅጠል ብቻ ሆነ። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ሥራ ቤቱን ከፍቼ ቅጠሉን ባስጠጋው እንቢ አለ። ጥፍሬን ባስኬድ መስመሩ የት እንደነበር ለማግኘት መብራት አስፈለገኝ። ሃያ ዓመት በዚህ ሙያ ስኖር እንጨት እንዲህ ሲታዘዝ ማየት እስከ ዛሬ ያስደስተኛል።

ሳይውል ሳያድር ሙጫውን አስገቡ። አንድ ጣት ከውስጥ ስንጥቁን ቀስ እያደረገ ሲገፋ ሌላው ከላይ ሙጫውን ያሻል። የተረፈውን በሞቀ እርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። ሲደርቅ ከውስጥ በኩል ትናንሽ የዝግባ ቁራጮች ለጥፉበት፤ ጎናቸው አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል፣ ውፍረታቸው ሁለት ሚሊ ሜትር ይሁን። የቁራጮቹ መስመር ስንጥቁን አቋርጦ መተኛት አለበት፤ አብሮት ከሄደ አይይዘውም። እኔ ሦስት ለጠፍኩ።

ድልድዩ

ቀደም ሲል አንድ ጠጋኝ ይህን ድልድይ በሱፐር ግሉ አጣብቆት ነበር። ያ ማጣበቂያ እንደ ብርጭቆ ስለሚደርቅ ደረቱ በተርገበገበ ቁጥር እየተሰባበረ ይለቃል፤ ለሚቀጥለው ጠጋኝም ሥራ ያበዛል። ግማሹ የተነሣ ድልድይ ላይ ሙጫ ማንጠባጠብም አይበጅም። ሙሉ በሙሉ መነሣት አለበት።

ክሩ የሚያርፍበትን ነጩን አጥንት ከቦታው አውጡ። በዙሪያው ያለውን ደረት በወፍራም ካርቶን ከልሉና ሞቅ ያለ ካውያ በድልድዩ ላይ ለጥቂት ደቂቃ አሳርፉ። ቀጥሎ ጫፉ የደነዘዘ ስስ ቢላዋ አሙቁና ከተነሣው በኩል አስገብታችሁ ቀስ በቀስ ግፉ። ቢላዋው ሲከብዳችሁ መልሳችሁ አሙቁት እንጂ በጉልበት አትግፉ፤ በጉልበት የገፋ ሰው የደረቱን ስንጣሪ ይዞ ይወጣል። እኔ ለዚህ ብቻ አንድ ከሰዓት በኋላ ፈጅቶብኛል።

ከዚያ ሁለቱንም ፊት እስከ ንጹሕ እንጨት ድረስ በመሮ ስለት ፋቁ፤ ሙጫ የሚይዘው እንጨትን ነው እንጂ አሮጌ ሙጫን ወይም ቫርኒሽን አይደለም። ለዚህ ቦታ የቆዳ ሙጫ እመርጣለሁ። ፍርፋሪው በቀዝቃዛ ውሃ ያድራል፤ ጠዋት ውሃ በያዘ ድስት ውስጥ በተቀመጠ ጣሳ ይሞቃል። ከ60 ዲግሪ ብዙ አይለፍ፤ ከፈላ ጉልበቱን ያጣል። ነጭ ኮላ ለስንጥቁ በቂ ነው፤ በድልድይ ላይ ግን የማያቋርጥ ስበትና ሙቀት ሲያገኘው ቀስ በቀስ ይንሸራተታል።

ከማጣበቃችሁ በፊት ለኩ። ከአንገቱ ጫፍ አጥንት እስከ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት (በአንገቱ ላይ በአግድም ከተተከሉት የብረት መስመሮች አሥራ ሁለተኛው) ያለውን ርቀት እጥፍ አድርጉት፤ ክሩ በድልድዩ ላይ የሚያርፍበት ነጥብ ከዚያ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ራቅ ይላል። በጋሼ ጊታር 32.5 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ እጥፉ 65 ነው። ይህ ከተሳሳተ ጊታሩ ምንም ቢቃኝ አይቃኝም። ሙጫው ሳይቀዘቅዝ አስቀምጡና፣ በቀዳዳው በኩል ከውስጥ ጣውላ ደግፋችሁ በሞርሳ እሰሩት፤ ሞርሳው አንድ ሙሉ ቀን ይቆይ። ክር የሚታሰረው ከሦስት ቀን በኋላ ነው።

ስለ ቫርኒሽ

የአክስቴ ልጅ አይቶት፣ "እንደ አዲስ አብረቅርቀው እንጂ" አለኝ። አላደረግሁትም። ከቀዳዳው በታች የጋሼ ጥፍር ለዓመታት እየነካው ቀለሙ የለቀቀ፣ የእንቁላል ቅርጽ ያለው ቦታ አለ። ያን በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ የእጁን ታሪክ መፋቅ ነው። ሌላም ምክንያት አለ፤ ለቁም ሣጥን የምንቀባው ወፍራም ቫርኒሽ ደረቱን ያከብደዋል፣ ድምፁንም ያፍናል። ጥላሸቱን በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ብቻ ጥረጉት። አልኮል አታስነኩት፤ ብዙ አሮጌ ቅብ በአልኮል ይሟሟል። ጣት የሚያርፍበት ጥቁር ሰሌዳ ቅብ ከሌለው ጥቂት ጠብታ የተልባ ዘይት ይበቃዋል። የምግብ ዘይት አትቀቡት፤ ይሻግታል። ዘይቱን የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ጨብጣችሁ ጥግ ላይ አትጣሉ፤ በራሱ ግሎ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት።

መቃኛዎቹን በጥርስ ብሩሽ አጽድቼ አንድ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ሰጠኋቸው፤ መዞር ጀመሩ።

አጥንትና ክር

የቀድሞው የድልድይ አጥንት ፕላስቲክ ነበር፤ ክሮቹ ቦይ አውጥተውበታል። ከሉካንዳ የበሬ ቅልጥም አመጣሁ። ቀቅዬ ሥጋውን አጸዳሁት፣ ስቡ እንዲወጣ በልብስ ሳሙና ውሃ ዘፈዘፍኩት፣ ሦስት ሳምንት አደረቅሁት፤ ከዚያ በብረት መጋዝ ቆርጬ በሞረድ ቀረጽኩት። አቧራው ለሳንባ ክፉ ነውና አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። ቁመቱን ጥቂት በጥቂት ቀንሱ፤ ከአጥንቱ አንድ ሚሊ ሜትር ሲነሣ በአሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ክሩ ግማሽ ሚሊ ሜትር ይወርዳል። በናይለን ጊታር እዚያ ቦታ ላይ ወፍራሙ ክር ከፍሬቱ አራት፣ ቀጭኑ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ቢርቅ ጣት አያደክምም፣ ክሩም አይንጣጣም።

አዲሱን ናይለን ካሰራችሁ በኋላ በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ቅኝቱ ላይ አታድርሱት። አንድ ድምፅ ዝቅ አድርጋችሁ አሳድሩትና በማግስቱ ወደ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ ከፍ አድርጉት። ናይለን ለቀናት ስለሚለጠጥ ደጋግሞ ቢወርድ አትደንግጡ። ድልድዩንም በየጠዋቱ በስስ ወረቀት ፈትሹት፤ ከኋላው ወረቀት ካስገባ ወዲያው ክሩን አላሉ።

ጋሼ በአራተኛው ቀን መጣ። ከሥራ ጠረጴዛዬ አጠገብ ተቀምጦ በመጀመሪያ ባቲን፣ ቀጥሎ አምባሰልን ነካካ፤ ጣቱ በረሳው ቦታ እየቆመ እንደገና ጀመረ። አሁን ጊታሩ ከቡናው ጥግ ርቆ፣ ፀሐይ በማያገኘው ግድግዳ በኩል፣ በሣጥኑ ውስጥ ይቀመጣል። በሣጥኑ ውስጥም ያቺ ቀዳዳ ያላት የሳሙና ማስቀመጫ አለች፤ ከታኅሣሥ ጀምሮ ስፖንጁን እንዲያረጥብ ነግሬዋለሁ። ኮምቦልቻ ልጁ ዘንድ ይዞት ሲሄድ ደግሞ የሐረጎን ቁልቁለት ከመውረዱ በፊት ክሮቹን ትንሽ ያላላቸዋል፣ ከመኪናው የዕቃ መጫኛ ይልቅም ጉልበቱ ላይ ይይዘዋል።