ሥራ ቀይራችሁ ባቡር ነጂ መሆን ካሰባችሁ፦ ከማመልከቻው እስከ ሥልጠናው

ለባቡር ነጂነት ሥልጠና የሚያመለክት ብዙ ሰው ደብዳቤውን «ከልጅነቴ ጀምሮ ባቡር እወዳለሁ» ብሎ ይጀምራል። ችግር የለውም፣ ግን ለመልማዩ ምንም አይጨምርለትም። እሱ ማወቅ የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው። ይሄ ሰው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ፣ ብቻውን፣ በቃሉ የሚያውቀውን መስመር ለስንተኛ ጊዜ ሲነዳ፣ ሐዲዱ ዳር ያለውን «ሂድ» ወይም «ቁም» የሚል የመብራት ምልክት እንደ መጀመሪያው ቀን ያየዋል ወይስ በልማድ ያልፈዋል? ሲሳሳትስ ራሱ ይናገራል ወይስ ድምፁን ያጠፋል? ማመልከቻውም፣ ፈተናውም፣ ኢንተርቪውም መልካቸው ይለያይ እንጂ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው።

ደግነቱ ይህን ለማሳየት ባቡር ውስጥ ያደጋችሁ መሆን የለባችሁም። በብዙ አገር ድርጅቶቹ ስለ ባቡር ምንም የማያውቅ ሰው ቀጥረው ከዜሮ ያሠለጥናሉ። ነርስ፣ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ወታደር፣ መምህር ሆኖ ቆይቶ የሚገባ አለ። አሜሪካ ትንሽ ይለያል። እዚያ በተለይ በጭነት ባቡር ድርጅቶች ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ በኮንዳክተርነት (ባቡሩ ላይ ከነጂው ጋር አብሮ በሚሠራ ሠራተኛነት) ይገባና ከዚያ ነው ወደ ነጂነት የሚሠለጠነው። ስለዚህ በምታመለክቱበት አገር በሩ በየት በኩል እንደሆነ ቀድማችሁ እወቁ።

1. ከማመልከታችሁ በፊት ኑሮውን አስቡት

ደሞዙን ሁሉም ሰው ያያል። ሺፍቱን ግን ብዙ ሰው አያየውም። አንድ ሳምንት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነስታችሁ ትገባላችሁ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው ቤት የምትደርሱት። በዓል፣ እሑድ፣ የልጅ ልደት የሚባል ነገር የለም፣ ባቡሩ ሰው ሲያርፍም ይሠራል። ይህን ብቻችሁን አትወስኑ፣ አብሯችሁ ከሚኖረው ሰው ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበት፣ ምክንያቱም የእንቅልፋችሁ ፕሮግራም የሱም ፕሮግራም ይሆናል።

የመጠጥ ጉዳይም አለ። እዚህ ሥራ ላይ «ትናንት ማታ ትንሽ ነበር» አይሠራም። ስትቀጠሩ ትመረመራላችሁ፣ ከዚያም በኋላ በማንኛውም ቀን ሳይነገራችሁ ልትመረመሩ ትችላላችሁ።

ሰው ደፍሮ የማያነሳው ጉዳይም አለ። ባቡር መሪ አዙሮ ማምለጥ አይችልም። ብረት በብረት ላይ ስለሚንከባለል ቶሎ አይዝም፣ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄድ ረጅም የጭነት ባቡር ፍሬን ተይዞ እስኪቆም ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ሊፈጅ ይችላል። ሐዲዱ ላይ ሰው ቢኖር ነጂው ፍሬን ይዞ፣ ጥሩምባ ነፍቶ ከማየት ሌላ የሚያደርገው የለም። ብዙ ነጂዎች በሥራ ዘመናቸው ይህ ሳይገጥማቸው ጡረታ ይወጣሉ፣ የሚገጥማቸው ግን አሉ። ድርጅቱ ለእንዲህ ያለ ጊዜ ምን ድጋፍ እንደሚሰጥ መጠየቅ ነውር አይደለም። እንዲያውም የሚጠይቅ ሰው አስቦበት እንደመጣ ያስታውቃል።

2. ዕድሜና ጤና፦ መጀመሪያ ዓይናችሁን

ቀላል የሚመስለው ነገር ነው ብዙ ሰው የሚጥለው። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ የነጂ ፈቃድ የሚሰጠው ከ20 ዓመት ጀምሮ ነው፣ አባል አገሮች ለራሳቸው ክልል ብቻ ወደ 18 ዝቅ ሊያደርጉት ይችላሉ። የሕክምና ምርመራው አንዴ ታልፎ የሚረሳ አይደለም። እስከ 55 ዓመት ድረስ ቢያንስ በየሦስት ዓመቱ፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ይደገማል። የላይኛውን የዕድሜ ጣሪያ በተመለከተ አርባ ዓመት ሞልቶኛል ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ብዙ ቦታ የሚታየው ጤናችሁ እንጂ የልደት ቀናችሁ አይደለም።

መነጽር ማድረግ ብቻውን አያስቀርም። ቀለም አለመለየት ግን በአብዛኛው ያስቀራል፣ ቀይና አረንጓዴ መለየት የሥራው እምብርት ስለሆነ። ታሪክም አለው። እ.ኤ.አ. በ1875 ስዊድን ውስጥ ላገርሉንዳ የሚባል ቦታ ላይ ሁለት ባቡሮች ተጋጭተው ሰው ሞተ። ፍሪትዮፍ ሆልምግሬን የተባለ የፊዚዮሎጂ ፕሮፌሰር ምክንያቱ ቀለም አለመለየት ሊሆን ይችላል ብሎ ጠረጠረና የባቡር ሠራተኞችን ባለቀለም የሱፍ ክር እያስለየ መመርመር ጀመረ። ዛሬ ሱፉ ቀርቶ በነጠብጣብ መሀል ቁጥር የተደበቀባቸው የኢሺሃራ ሥዕሎች ናቸው የሚቀርቡላችሁ። ገና ሳታመለክቱ የዓይን ሐኪም ጋ ሄዳችሁ ተመርመሩ። ወራት ከደከማችሁ በኋላ በዚህ ከመውደቅ ይሻላል።

እንቅልፍም እንደዚያው። በጣም የምታንኮራፉ ከሆነና ሙሉ ሌሊት ተኝታችሁም ቀን የምታንቀላፉ ከሆነ፣ የእንቅልፍ አፕኒያ (በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ እየተቋረጠ እንቅልፍ የሚያሳጣ ሕመም) እንዳይሆን ሐኪም ጋ ታዩ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 ኒውዮርክ ውስጥ በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚፈቀድበትን ኩርባ አንድ ባቡር በ132 ገብቶ አራት ሰው ሞቷል። ነጂው ያልታወቀለት አፕኒያ ነበረበት። ታክመው ቁጥጥር ውስጥ ያስገቡት ሕመም ብዙ ጊዜ ከሥራው አያስቀርም፣ የደበቁት ግን ያስቀራል።

3. ማስታወቂያውን ማደን

የሠልጣኝ ነጂ ቅጥር በዓመት ጥቂት ጊዜ የሚወጣ፣ ሲወጣም አመልካች የሚጎርፍበት ነው። አንዳንዱ ማስታወቂያ የመዝጊያ ቀኑ ሳይደርስ በቂ ሰው ስላመለከተ ብቻ ይዘጋል። ስለዚህ የድርጅቶቹ ድረ ገጽ ላይ የኢሜይል ማሳወቂያ ተመዝገቡ፣ ሲቪያችሁንም ዝግጁ አድርጋችሁ ጠብቁ። ደግሞ ስለ ዲፖው፣ ማለትም ባቡሮቹ አድረው ነጂዎች ሥራ ስለሚጀምሩበት ቦታ፣ አድራሻ አስቡ። የጠዋቱን የመጀመሪያ ባቡር የሚነዳ ሰው በባቡር ወደ ሥራ መምጣት አይችልማ! በዚህ ምክንያት ከቤታችሁ እስከ ዲፖው የሚወስደውን ጊዜ የሚገድቡ ድርጅቶች አሉ። ቤት ለመቀየር ዝግጁ ካልሆናችሁ ሩቅ ያለ ዲፖ ላይ አታመልክቱ።

4. ማመልከቻው ላይ ምን ልጻፍ?

እዚህ ላይ ረጋ እንበል፣ አብዛኛው ሰው የሚቀረው እዚህ ነውና።

«ኃላፊነት የሚሰማኝ፣ በቡድን መሥራት የምችል፣ ጫና የምቋቋም ሰው ነኝ» የሚለውን ሰርዙት። ሁሉም ሰው ይጽፈዋል፣ ማንም አያምነውም። በምትኩ ከአሁኑ ሥራችሁ ውስጥ ሦስት ዓይነት ታሪክ ፈልጉ። አንዱ፣ አሰልቺና ተደጋጋሚ ሥራ ለረጅም ጊዜ ሳትዘናጉ የሠራችሁበት። ሌላው፣ ሰው እየቸኮለባችሁ ደንቡን ይዛችሁ «አይሆንም» ያላችሁበት። ሦስተኛው፣ ነገር ተበላሽቶ ረጋ ብላችሁ ቅደም ተከተሉን ጠብቃችሁ ያስተካከላችሁበት።

ለምሳሌ ነርስ ናችሁ እንበል። «ታካሚ እወዳለሁ» ከማለት ይልቅ፣ በማታ ሺፍት መድኃኒት ስትሰጡ ከካርዱ ጋር የማይገጥም መጠን አግኝታችሁ፣ ወረፋው ቢረዝምም አቁማችሁ፣ ሐኪሙን ቀስቅሳችሁ፣ አረጋግጣችሁ እንደቀጠላችሁ ጻፉ። መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት የምትነዱ ከሆነ ደግሞ ጠዋት ጠዋት የምታደርጉትን ፍተሻና በፍተሻው ያገኛችሁትን ብልሽት ጻፉ። ሱቅ የሚሠራ ሰውም ቢሆን ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ልዩነት ሲያገኝ ምን እንደሚያደርግ መጻፍ ይችላል። ጀግንነት አያስፈልግም። በዚህ ሥራ ጎበዝ ማለት ምንም ነገር ሳይፈጠር ቀኑ እንዲያልፍ የሚያደርግ ሰው ነው።

ድርጅቱን ለምን እንደመረጣችሁ ሲጠየቅ ከድረ ገጹ የተገለበጠ ዓረፍተ ነገር አትለጥፉ። በየትኞቹ መስመሮች እንደሚሠራ፣ ምን ዓይነት ባቡር እንዳለው፣ ዲፖው የት እንደሆነ አንብባችሁ አንድ ሁለት እውነተኛ ነገር ጻፉ። የመንጃ ፈቃድ ቅጣት ወይም ሌላ የተመዘገበ ነገር ካለባችሁና ፎርሙ ከጠየቀ ተናገሩ። በአሜሪካ ለምሳሌ ነጂ የምስክር ወረቀት ከማግኘቱ በፊት የመኪና መንዳት ታሪኩ እንዲታይ ደንቡ ያዛል። ቅጣቱ ራሱ ላይጥላችሁ ይችላል፣ መዋሸታችሁ ግን ይጥላችኋል።

5. የፈተናው ቀን

ማመልከቻው ካለፈ የሚጠራችሁ ሳይኮሜትሪክ ፈተና ነው። የትምህርት ቤት ፈተና አይደለም፣ የሚለካው ትኩረትንና ቅልጥፍናን እንጂ ዕውቀትን አይደለም። ብሪታኒያ ውስጥ የታወቀውን አንዱን ልንገራችሁ፦ ወረቀት ሙሉ በቡድን በቡድን የተበተኑ ነጥቦች ይሰጧችኋል፣ አራት ነጥብ ያለበትን እየፈለጋችሁ ምልክት ታደርጋላችሁ፣ ሰዓት ይቆጠራል። በቃ ይኸው ነው። አንድ ደቂቃ ቀላል ነው፣ እየቆየ ግን ዓይን መዋለል ይጀምራል፣ የሚፈልጉትም እሱን ማየት ነው። ሌሎችም አሉ፦ ስክሪን ላይ አልፎ አልፎ ብቻ የሚመጣ ለውጥ መጠበቅ፣ በሁለት እጅ አንድ ነገር በጠባብ መንገድ መምራት፣ ለመብራትና ለድምፅ በእጅና በእግር ቶሎ መልስ መስጠት፣ የማታውቁትን የሥራ ደንብ አንብባችሁ ስለሱ ወዲያው ለሚቀርብላችሁ ጥያቄ መመለስ።

ልምምድ ይጠቅማል፣ ምክንያቱም ፈተናው ምን እንደሚመስል ማወቅ ድንጋጤ ይቀንሳል። ውድ የልምምድ ፓኬጅ መግዛት ግን እኔ አልመክርም። መጀመሪያ ድርጅቱ ራሱ የሚልክላችሁን ናሙና ጨርሱ። ከሁሉ የሚበልጠው ከፈተናው በፊት ያሉትን ሌሊቶች በደንብ መተኛት ነው። ብዙ ቦታ የመሞከሪያ ዕድሉ የተቆጠረ ስለሆነ፣ ታማችሁ ወይም እንቅልፍ አጥታችሁ ከሆነ «እስኪ ልሞክረው» አትበሉ፣ ደውላችሁ ሌላ ቀን ጠይቁ።

6. ኢንተርቪው

ጥያቄው ባብዛኛው «እንዲህ የሆነበትን ጊዜ ንገረን» የሚል ነው። ሁኔታው ምን ነበር፣ የናንተ ድርሻ ምን ነበር፣ ምን አደረጋችሁ፣ ምን ሆነ? በዚህ ቅደም ተከተል ተናገሩ። ትሑት መሆን የለመደ ሰው እዚህ ላይ ይቸገራል፣ «እኛ እንዲህ አደረግን» እያለ ይጨርሰዋል። ጠያቂው ማርክ የሚሰጠው ለቡድኑ አይደለም፣ ለናንተ ነው። «እኔ» በሉ።

አንድ የማይቀር ጥያቄ አለ፦ የተሳሳታችሁበት ጊዜ። «ሥራ በጣም ስለማበዛ ነው» የሚል ጉድለት መሳይ ውዳሴ አታምጡ። እውነተኛ ስህተት ንገሯቸው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ማንም ሳያይባችሁ ራሳችሁ ያሳወቃችሁት ቢሆን ጥሩ ነው። ቀይ ምልክት ያለፈ ነጂ ወዲያው አቁሞ የባቡሮችን እንቅስቃሴ ለሚመራው ተቆጣጣሪ መናገር አለበት፣ ሊደብቅ የሚችል ሰው ከፊታቸው መቀመጡን ማወቅ ይፈልጋሉ። የስልክ ጉዳይም ሊነሳ ይችላል። እ.ኤ.አ. መስከረም 2008 ካሊፎርኒያ ቻትስዎርዝ ላይ የጽሑፍ መልእክት ሲጻጻፍ የነበረ ነጂ ቀይ አልፎ ከጭነት ባቡር ጋር ተጋጭቶ 25 ሰው ሞቷል፣ ከዚያ በኋላ የአሜሪካ የባቡር ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን በሥራ ላይ ስልክ መጠቀምን በትእዛዝ ከልክሏል። ስለዚህ ኢንተርቪው ክፍል ውስጥ የናንተ ስልክ እንዳይጮህ!

7. ቢቀበሏችሁስ?

ሕክምናው አልፎ ውሉ በጽሑፍ እጃችሁ ሳይገባ የአሁኑን ሥራ አትልቀቁ። ውሉ ላይ ሁለት ነገር አንብቡ፦ በሥልጠና ጊዜ የሚከፈላችሁ ስንት እንደሆነና፣ ቶሎ ከለቀቃችሁ የሥልጠና ወጪ የምትመልሱበት አንቀጽ አለ ወይ።

ሥልጠናው ብዙ ጊዜ አንድ ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል። መጀመሪያ ክፍል ውስጥ ደንብና ምልክት ትማራላችሁ፣ ቀጥሎ ስለ ባቡሩ አካልና ብልሽቱ፣ ከዚያ ሲሙሌተር (እውነተኛውን መንዳት የሚያስመስል ማሠልጠኛ)፣ ከዚያ ደግሞ ከአሠልጣኝ ነጂ ጎን ቀንም ሌሊትም እውነተኛ መንገደኛ ይዛችሁ ትነዳላችሁ። አዳዲሶችን የሚገርማቸው መስመር ማጥናቱ ነው። ባቡር መንዳት ቻልኩ ብሎ በማንኛውም ሐዲድ መሄድ የለም። እያንዳንዱን ምልክት፣ ዳገት፣ ኩርባና ጣቢያ በጨለማም በጭጋግም ልታውቁት ይገባል። ለንደን ፓዲንግተን አቅራቢያ ላድብሮክ ግሮቭ ላይ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 5 ቀን 1999፣ 31 ሰው የሞተበት የባቡር ግጭት ሲመረመር፣ ቀይ ያለፈው ነጂ ሥልጠናውን ከጨረሰ ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላውም ነበር፣ ምልክቱም ከዚያ በፊት በሌሎች ነጂዎች በተደጋጋሚ በቀይ የታለፈ ነበር። መርማሪዎቹ ሥልጠናውን አጥብቀው ተችተዋል። አሠልጣኛችሁ አንዱን ምልክት አሥር ጊዜ ሲደግምባችሁ አትሰልቹ።

ከጃፓኖች አንድ ነገር ተማሩ። ነጂዎቻቸው ምልክቱን በጣት እያመለከቱ ጮክ ብለው ይናገሩታል። ውጭ ለሚያይ ያስቃል፣ ግን ስህተት ይቀንሳል። ዛሬውኑ መኪና ስትነዱ ወይም ከቤት ስትወጡ ምድጃውን ስታጠፉ ልትለማመዱት ትችላላችሁ።

ካልተቀበሏችሁ ደግሞ በየትኛው ደረጃ እንደቀራችሁና መቼ እንደገና ማመልከት እንደምትችሉ በኢሜይል ጠይቁ። ማመልከቻው ላይ ከሆነ የቀራችሁት ታሪኮቹን ቀይራችሁ ሌላ ድርጅት ሞክሩ። ፈተናው ላይ ከሆነ ስንት ዕድል እንደቀራችሁ ሳታጣሩ አትመለሱ። በኮንዳክተርነት፣ በጣቢያ ሠራተኛነት ወይም ዲፖ ውስጥ መግባትም አለ፣ አንዳንድ ድርጅት የነጂ ሥልጠናን መጀመሪያ ለውስጥ ሠራተኛ ነው የሚያወጣው።