ግማሽ ቀን ይበቃል፦ በከተማ ዳር ከትንንሽ ልጆች ጋር ቅዳሜና እሑድን ማሳለፍ

የምንኖረው ከአያት ወደ ለገጣፎ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ በሚገኝ የመኖሪያ መንደር ሲሆን፣ የአምስት ዓመት ወንድ ልጅና የሁለት ዓመት ሴት ልጅ አሉን። ከዚህ ቀደም በባለቤቴ ትምህርት ምክንያት በቶኪዮ ዳርቻ ለሦስት ዓመታት ያህል ኖረናል፤ ትልቁ ልጃችን ዳዴ ያለውም እዚያው ነው። ከጃፓን ይዘነው የመጣነው ዕቃ አብዛኛው ተሰባብሮ አልቋል። ከጎረቤቶቻችን ያየነው፣ ከትንንሽ ልጆች ጋር የዕረፍት ቀን የማሳለፍ ልማድ ግን እስካሁን ይሠራልናል። ልማዱ በአጭሩ ግማሽ ቀን፣ አንድ ቦታ፣ ልጁ በገዛ እጁ የሚሠራው አንድ ነገር ማለት ነው። ከዚህ በታች የሚቀርበው ይህንኑ በአዲስ አበባ ዳርቻ ለሚኖርና ከሰባት ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ላሉት ቤተሰብ እንዲስማማ አድርገን የሠራንበት መንገድ ነው።

በመጀመሪያ ቀኑን ማስከበር

የጃፓን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቅዳሜን ሙሉ በሙሉ የዘጉት እ.ኤ.አ. በ2002 ነው፤ ከ1992 ጀምሮ በመጀመሪያ በወር አንዱን ቅዳሜ፣ ቀጥሎም ሁለቱን እያሳረፉ ቀስ በቀስ ደረሱበት። የሁለት ቀን ዕረፍት እዚያም የቅርብ ጊዜ ነገር ስለሆነ ይመስለኛል፣ የምናውቃቸው ቤተሰቦች ቀኑን ቆጥበው ነበር የሚጠቀሙበት። እኛ ዘንድ ችግሩ ሌላ ነው። ቅዳሜ ሠርግና ተዝካር፣ እሑድ ቅዳሴና ማኅበር፣ በመካከሉ ደግሞ የእድር ስብሰባ ይመጣና ልጆቹ ከወላጆቻቸው ኋላ ሲጎተቱ ውለው ሰኞ ይደርሳል።

ሁለቱንም ቀን ለልጆች ማድረግ ስለማይቻል ከሁለቱ ቀን አንዱን ግማሽ፣ ያውም ሁልጊዜ ያንኑ ግማሽ መያዝ ይሻላል። የእኛ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት ተኩል ነው። እሑድ ጠዋት የቤተ ክርስቲያን ነው፤ በክረምት ዝናቡ የሚበረታው አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ነው፤ ትንሿ ልጃችን ደግሞ 7 ሰዓት ላይ ካልተኛች ማታ ቤቱ ሰላም አያገኝም። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን እሑድ ጠዋትን ይዘዋል፤ የቀኑ መደጋገም እንጂ የትኛው ቀን መሆኑ ልዩነት የለውም። ሰዓቱን ለዘመድ አስቀድሞ መንገር ግን ግድ ነው። የባለቤቴ እናት መጀመሪያ «እኔን ለማን ትታችሁ ነው?» ብለው ቅር ቢላቸውም፣ ዛሬ ቅዳሜ ከ7 ሰዓት በፊት አይደውሉም፤ አንዳንዴም ነጠላቸውን አጣፍተው አብረውን ይወጣሉ። ለቅሶ ከመጣ ቀኑ የለቅሶው ነው፤ በዚህ አንከራከርም።

የት ይኬዳል?

ከጃፓን በተመለስን በሁለተኛው ወር፣ አገራችንን ለልጆቹ እናሳያለን ብለን ቢሾፍቱ ሄደን በአንድ ቀን ሦስት ሐይቅ ለማየት አቀድን። ትልቁ ልጅ የፍጥነት መንገዱ ላይ አስመለሰው፤ ሁለተኛዋ ገና ስንደርስ ተኛች፤ ስትነሣም ሐይቁን ሳይሆን ጡጦዋን ፈለገች። ጡጦው ደግሞ ቤት ቀርቶ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የያዝነው ሕግ አንድ ነው፦ ከበራችን ተነሥተን ሣር ላይ እስክንቀመጥ ድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚፈጅ ቦታ ለሕፃናት አይሆንም።

በዚህ ሕግ መሠረት መድረሻው እንደየሰፈሩ ይለያያል። በቡራዩና በሰበታ በኩል ለሚኖር ቤተሰብ በወጨጫ ተራራ ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን አለ፤ ጽዱ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን እንደተተከለ ይነገርለታል፣ ጉሬዛና ድኩላም ይታይበታል፤ ለእኛ ግን ከተማውን በሙሉ ማቋረጥ ስለሚጠይቅ በዓመት አንዴ ቢሆን ነው። ከቃሊቲና ከኮዬ ፈጬ በኩል ለሚነሣ ሰው ቢሾፍቱ ይቀርባል፤ ሐይቆቹ ግን የእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ስለሆኑ ዳራቸው ገደላማ ነው፤ ልጅ እጁ ተይዞ እንጂ ለቀቅ ተደርጎ የሚውልባቸው አይደሉም። ኢሬቻ በሚከበርበት ሰሞንም የሆራን አካባቢ ሕዝብ ስለሚሞላው፣ በዓሉን ለማክበር ካልሆነ በቀር ሕፃን ይዞ መሄድ አይመከርም። በጉለሌና በሽሮ ሜዳ በኩል የዕፅዋት ማዕከሉና በ2013 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ አሉ። እኛ የየካን ተራራ ዳገት እንይዛለን፤ ከአለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል ያለው በዚያ ተራራ ላይ ነው፤ ከልጆች ጋር ግን እላይ ድረስ መውጣት አያስፈልግም፣ የመጀመሪያው ሜዳ ይበቃል።

ከፍታን በተመለከተ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። የቶኪዮ ቤተሰቦች ከሕፃናት ጋር የሚወጡት የታካኦ ተራራ ቁመቱ 599 ሜትር ብቻ ነው፤ ያም ሆኖ ብዙዎቹ ዳገቱን የሚቀንሱት በኬብል በሚሳብ ባቡር ነው። እኛ ገና ከደጃፋችን ስንነሣ ከ2300 ሜትር በላይ ነን፤ እንጦጦ ደግሞ ከ3000 ያልፋል። በየ1000 ሜትሩ የፀሐዩ ጎጂ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ አየሩ ቀዝቃዛ መስሎ የልጅን ጉንጭና ማጅራት ያቃጥላል። በመሆኑም ሰፊ ባርኔጣና ሹራብ አብረው ይያዛሉ፤ እናቶቻችን ሁለቱንም በአንድ ነጠላ ይችሉት ነበር።

የልጅ ጋሪ እዚያ ቶኪዮ ከቤት እስከ ጣቢያ ያለ ችግር ይሄድ ነበር፤ እዚህ ኮብልስቶኑ ጎማውን ሲነቅለው ጭቃው ደግሞ ይውጠዋል። ማዘል ይሻላል። ጃፓኖችም ቢሆኑ ድሮ በመታጠቂያ አዝለው ነው ልጅ ያሳደጉት፤ አንቀልባ ያላት ሴት በዚህ ረገድ የሚጎድላት ነገር የለም።

ከሰፈር ርቆ መሄድ ያልተቻለ ጊዜ መጓጓዣው ራሱ ሽርሽር ሊሆን ይችላል። በጃፓን ባቡሮች አንደኛ ክፍል ያልገቡ ልጆች፣ ለአንድ ከፋይ አዋቂ እስከ ሁለት ሆነው በነጻ ስለሚሳፈሩ፣ መድረሻ ሳይኖራቸው ልጁን ባቡር ሊያሳዩ ብቻ የሚወጡ አባቶችን እናይ ነበር። እኛም መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረው ቀላል ባቡር የምሥራቁ ጫፍ፣ ከአያት፣ የጠዋቱ ግፊያ ጋብ ሲል ተሳፍረን እስከ መስቀል አደባባይ እንሄድና ሻይ በብስኩት ቀምሰን እንመለሳለን። በዚያ መስመር ላይ ያለ ፌርማታ ሁሉ ስሙ በልጃችን አፍ ነው።

አገልግሉ

ጃፓን ውስጥ ለሽርሽር የሚቋጠረው ምሳ ቤንቶ ይባላል። ብልሃቱ ያለው ከምግቡ ይልቅ በልኩ ላይ ነው፤ ሩዙ በልጅ እጅ ልክ ይድበለበላል፣ እንቁላሉ ተጠቅልሎ ይቆረጣል፣ ቲማቲም እንኳ ትንሽ ቢሆን ለሁለት ይሰነጠቃል። እኛ ይህን ለማግኘት ባሕር መሻገር አላስፈለገንም ነበር፤ በሶ ጭብጦ ያው የልጅ ጡጫ ልክ ድቡልቡል ነው። በቅቤ፣ በጾም ጊዜም በዘይት፣ ጨው ነካ ተደርጎ ጠንከር ተደርጎ ከታሸ አይፈርስም፣ እጅም አያበላሽም። ማር መጨመር የሚወድ ይጨምር፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር አይሰጥም። ከዚህ ጋር የተቀቀለ እንቁላል፣ ድንች፣ የድፎ ዳቦ ቁራሽና የደረቅ ፍርፍር ይበቃል። ወጥ አይያዝም፤ መፍሰሱ አይቀርም።

ቆሎን በሚመለከት ብዙ ሰው ይከፋዋል፣ ቢሆንም እንናገራለን፦ ሽምብራም ሆነ ለውዝ ያለበት ቆሎ ከአራትና ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ፣ በተለይ እየሮጠና እየሳቀ፣ ትንታ ሆኖ ጉሮሮውን ሊዘጋው ይችላል። ለአዋቂዎቹ ተይዞ ከሸራው በላይኛው ጫፍ፣ ልጅ በማይደርስበት ቢቀመጥ መልካም ነው።

ምግቡን የምንይዘው ከአያቴ በወረስነው አገልግል ነው። ቆዳው ጠቁሮ ለስልሷል፤ ጠፍሩ ከመክደኛው በላይ ሁለት ጊዜ ዞሮ ይቋጠራል። ጠፍሩን የመፍታት ሥራ ለአምስት ዓመቱ ልጃችን ተሰጥቷል። ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ፣ ቋጠሮውን በአውራ ጣቱ ጥፍር እየጎረጎረ አንዳንዴ አምስት ደቂቃ ይፈጅበታል፤ እኛ እየራበን እንጠብቃለን። መክደኛው ተነሥቶ የዳቦው ሽታ ሲወጣ እኅቱ ታጨበጭባለች። ዕቃውን በፌስታል ብንይዝ ይቀልል ነበር፤ ግን ልጁ የሚሠራው ሥራ ይጠፋል።

መቀመጫው ሸራ ይሁን። ጃፓኖች በሜዳ ላይ ሸራ ሲያነጥፉ ጫማቸውን ከዳር አውልቀው ነው የሚገቡት፤ ይህን ያደረገ ቤተሰብ ሁለት ጥቅም ያገኛል፤ ምግቡ ላይ አፈር አይመጣም፣ ልጁም ሸራው ቤት መሆኑን ስለሚረዳ ባዶ እግሩን ከዚያ ርቆ አይሄድም። ከሸራው ጋር ኮዳ ሙሉ ውኃ፣ አንድ ቅያሪ ልብስ፣ ሶፍት እና ሁለት ባዶ ከረጢት ይያዛሉ፤ አንዱ ለቆሻሻ ልብስ፣ ሌላው ለቆሻሻ ነው። ብዙ የጃፓን መናፈሻዎች የቆሻሻ ገንዳ የላቸውም፤ የእኛም ተራሮች የላቸውም። እዚያ ቆሻሻው ተመልሶ ቤት ይገባል።

እሸት

በጃፓን በመከር ወቅት መዋዕለ ሕፃናት ልጆችን ስኳር ድንች ሊያስቆፍሩ እርሻ ይወስዳሉ። ልጃችን በዚያ ዕድሜ ስላልደረሰ አልሄደም፤ የጎረቤታችን ልጅ ግን ከራሱ ራስ የሚበልጥ ስኳር ድንች ይዞ መጥቶ በራችንን ማንኳኳቱ አይረሳንም። በአዲስ አበባ ዳርቻ የሚኖር ቤተሰብ ለዚህ ትምህርት ቤት መጠበቅ የለበትም። ገበሬው ጎረቤታችን ነው። በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ወደ ሰንዳፋ በኩል የባቄላ እሸት ይደርሳል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ወደ ዱከም በኩል ሽምብራው እሸት ይሆናል።

መንገድ ዳር የሚሸጠውን ገዝቶ መመለስ ይቻላል፤ ሆኖም ልጁ ራሱ ነቅሎ ቢያይ ሌላ ነው። ለዚህ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ገበሬውን «እንዴት ዋሉ፣ አባባ» ብሎ ማስፈቀድ፣ አፋን ኦሮሞ የሚችል ሰውም «ኦቦ» ብሎ መጀመር ነው፤ ዋጋው ከመነቀሉ በፊት ይነገር፤ ልጆች የሚረግጡበት መስመርም ይለይ። ባለፈው ዓመት የሄድንበት ማሳ ባለቤት ሽማግሌ ልጃችን በሁለት እጁ ይዞ ሲታገል ዐይተው፣ ሥሩ ዘንድ ዝቅ ብሎ እንዲይዝ አሳዩት፤ ሲነቀል ወደ ኋላው ተቀመጠ፣ ጥቁሩ አፈርም ሱሪው ላይ ቀረ። ቤት ገብተን እሸቱ በምጣድ ላይ ሲጠበስ፣ ከዚያ በፊት ባቄላ በዐይኑ አይቶ የማይወድ ልጅ ልጣጩን እያላጠ በላ።

ዝናብ ሲመጣ፣ መውጣትም ሲያቅት

የጃፓን የዝናብ ወቅት በሰኔና በሐምሌ ስለሚመጣ ከእኛ ክረምት ጋር ይገጥማል። ልጆች ከነጭ ጨርቅ ራሰ በራ አሻንጉሊት ሠርተው፣ ነገ ፀሐይ ይውጣ ብለው መስኮት ላይ ይሰቅላሉ። የእኛ ልጅም አርብ ማታ ይሰቅላል፤ ሐምሌ ላይ ውጤቱ ደካማ ነው። ካፊያ ሲሆን ቡትስ ጫማ አድርጎ መውጣት ይቻላል። ነጎድጓድ ከተሰማ ከዛፍ ሥር ሳይጠጉ መመለስ፣ ከላይ ዝናብ የጣለበትን ጅረትም ያነሰ ቢመስልም አለመሻገር ግዴታ ነው፤ የዳርቻ ወንዞች ድንገት ይሞላሉ።

ጨርሶ ለማይወጣበት ቅዳሜ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። በቶኪዮ ሴታጋያ ወረዳ እ.ኤ.አ. በ1979 የተከፈተ ሃኔጊ የሚባል የመጫወቻ ሜዳ አለ፤ እዚያ ልጆች በትልቅ ሰው ዐይን ሥር ጉድጓድ ይቆፍራሉ፣ እንጨት ይመታሉ፣ እሳትም ያነድዳሉ። እሳቱን ትተን ቀሪውን ወስደናል። በግቢያችን ጥግ ሁለት ክንድ በሁለት ክንድ የሆነ መሬት ለልጆቹ ተሰጥቷል፤ አሮጌ ድስት፣ ማንኪያ፣ የመኪና ጎማና አንድ ባልዲ ውኃ አለበት። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖሩ ወዳጆቻችን ይህንኑ በሰፊ ሳፋ በረንዳ ላይ ያደርጉታል። በየሰፈሩ ያለው የግንባታ አሸዋ ክምር ልጆችን ይጠራል፤ ሚስማርና የብረት ቁራጭ ስለማይጠፋው ግን በጫማ ካልሆነ፣ ተፈትሾም ካልሆነ አይፈቀድም።

መመለሻው

ሽርሽር የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በመጨረሻው ሰዓት ነው። ልጆቹ ገና ደስ ብሏቸው ሳለ መነሣት ይገባል፤ «አምስት ደቂቃ ቀርቷል» ተብሎ ይነገራቸው፣ ከዚያም ሸራው ይጠቀለል፤ ጠቅላዮቹ እነርሱ ቢሆኑ ማልቀሱ ይቀንሳል። ሚኒባስ ውስጥ እንዳይተኙ በመስኮት ሰማያዊ ታክሲ እናስቆጥራቸዋለን፤ እዚያ አሥር ደቂቃ ከተኙ የ7 ሰዓቱ እንቅልፍ ይሰረዛል። ቤት እንደተገባ እግር ታጥቦ፣ ትንሽ ተቀምሶ፣ መጋረጃ ይዘጋል።

ልብሱ ሳፋ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ኪሱ ይፈተሽ። የጃፓን እናቶች ልጅ ለቅሞ የሚያመጣውን የዛፍ ፍሬ ትል ስለማያጣው ቀቅለው ነው የሚያስቀምጡለት። የእኛ ልጅ የሚለቅመው የባሕር ዛፍ ፍሬ ነው፤ መቀቀል አይፈልግም፣ በጣሳ ይቀመጥለታል። አንዴ ሳንፈትሽ ቀርተን ነጭ ሸሚዞቼ በሙሉ የባሕር ዛፍ ሽታ ይዘው ነበር።