ፍሌሚንግስበርግ ስትደርሱ ከስማችሁ ጀምሩ

በየዓመቱ ነሐሴ ማብቂያ ላይ አዳዲስ የሐበሻ ተማሪዎች ሻንጣቸውን እየጎተቱ ፍሌሚንግስበርግ ባቡር ጣቢያ ይወርዳሉ። ከስቶክሆልም መሃል ወደ ደቡብ በከተማ ባቡር 20 ደቂቃ ገደማ ነው። ሶደርቶርን ዩኒቨርሲቲና የካሮሊንስካ የሕክምና ዩኒቨርሲቲ የሁዲንገ ግቢ ያሉት እዚህ ነው። ባለቀለሞቹ ረጃጅም ፎቆች ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1974 አንድ ሚሊዮን ቤት ለመገንባት በተነሳችበት ዘመን የተሠሩ ናቸው። እኔ ደሴ ነርስ ነበርኩ፤ አሁን ማስተርሴን እዚህ እየተማርኩ ነው። ከአገር ቤት የሚደውሉልኝ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁኝ ስለ ብርዱ ነው። ብርዱን ጃኬት ይችለዋል። ሰው የሚያንገላታው የወረቀቱ ጉዳይ ነው፤ እሱ ደግሞ ቅደም ተከተል አለው።

የመጀመሪያው ሥራ ስማችሁን በሩ ላይ ማስለጠፍ ነው። እዚህ ደብዳቤ የሚገባው በቤቱ በር ላይ ባለች ክፍተት ወይም ፎቁ መግቢያ ላይ ባለ የፖስታ ሳጥን ነው። ፖስተኛው ስማችሁን ካላየ ደብዳቤውን ይዞት ይመለሳል። ጀማሪን ደግሞ መሥሪያ ቤቱም ባንኩም የሚያናግረው በደብዳቤ ነው። ሰው ቤት ከተከራያችሁ ከአከራዩ ስም ሥር የእናንተም ይጻፍ። አድራሻ ስትሞሉም «ሲ/ኦ» (c/o፤ በእገሌ በኩል ማለት ነው) ብላችሁ የአከራዩን ስም ጨምሩ።

እንግዲያው ክፍል ከመያዛችሁ በፊት አከራዩን «በዚህ አድራሻ መመዝገብ እችላለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። አይቻልም ካለ ኪራዩ የቱንም ያህል ቢረክስ እለፉት። ውሉ በጽሑፍ ይሁን። ክፍሉን እናንተ ወይም የምታምኑት ሰው በአካል ሳያየው ቅድሚያ ክፍያ እንዳትልኩ። «አሁን ውጭ አገር ነኝ፤ ገንዘቡን ላክልኝና ቁልፉን በፖስታ እልክልሃለሁ» የሚል ሰው ሌባ ነው። ይህን ደጋግሜ የምናገረው ቤተሰብ ተበድሮ የላከው ገንዘብ እንዲህ ሲበላ ማየት ስለሚያንገበግበኝ ነው። የተማሪ ቤት ወረፋ ላይ ደግሞ ገና አገር ቤት ሳላችሁ ተመዝገቡ። ወረፋው የሚቆጠረው በተመዘገባችሁበት ቀን ነው፤ ቀድሞ የተመዘገበ ይቀድማል።

አድራሻ ካገኛችሁ ቀጣዩ ስካተቬርኬት ነው፤ የግብር መሥሪያ ቤቱ ማለት ነው። ስዊድን ውስጥ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የሚቆይ ሰው እዚያ ተመዝግቦ ፐርሶንኑመር፣ ማለትም የግል መለያ ቁጥር ያወጣል። ፓስፖርት፣ የመኖሪያ ፈቃድ ካርድ፣ የቤት ውልና ትምህርታችሁ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ የሚያሳይ የቅበላ ደብዳቤ ይዛችሁ ሂዱ። ስትገቡ የወረፋ ቁጥር ከማሽኑ ቅደዱ፤ ዝም ብሎ መስኮቱ ጋ መቆም አይሠራም። ፐርሶንኑመሩ በደብዳቤ እስኪመጣ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። ከዚያ እዚያው መሥሪያ ቤት ከፍላችሁ መታወቂያ ታወጣላችሁ። በመታወቂያው የባንክ ሒሳብ፣ ከባንኩ ባንክአይዲ፣ ከዚያ በስልክ ገንዘብ የሚላክበትን ስዊሽ ታወጣላችሁ። ባንክአይዲ ስልካችሁ ላይ የሚጫን ፊርማችሁ ነው፤ ያለ እሱ የሐኪም ቀጠሮ እንኳ በኢንተርኔት መያዝ ያስቸግራል። ቆይታችሁ ከአንድ ዓመት በታች ከሆነ ይህ ሰንሰለት አይሠራላችሁም፤ ዩኒቨርሲቲው ያለውን አማራጭ እንዲነግራችሁ ቀድማችሁ ጻፉላቸው።

እስከዚያ ድረስ ውጭ አገር የሚሠራ የባንክ ካርድ ያስፈልጋል። አውቶቡስ ላይ በጥሬ ገንዘብ አይከፈልም፤ ብዙ ሱቅም አይቀበልም።

ወደ ሻንጣው እንምጣ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ኮረሪማ፣ ኮሰረት ያዙ። ቂቤና ቋንጣ ግን ተዉት። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ እናታችሁ የደከመችበት ሁሉ ጉምሩክ ላይ ይቀራል። ቂቤውን እዚህ ከሱቅ ገዝታችሁ በኮሰረቱና በኮረሪማው አንጥሩት፤ በጣም ጥሩ ይወጣል። ለዕለት አስቤዛ ዊሊስና ሊድል ይረክሳሉ። የጤፍ ዱቄትና እንጀራ ሪንከቢና ቴንስታ አካባቢ ካሉ የሐበሻ ሱቆች ይገኛል። ለአንሶላና ለድስት ኩንገንስ ኩርቫ ያለውን ኢኬያ እዩ፤ እዚሁ ሁዲንገ ውስጥ ነው። ጃኬት ግን ከአገር ቤት አትግዙ፤ እዚህ ሰልባጅ መደብር ገብታችሁ የስዊድንን ክረምት የለመደ ጃኬት ምረጡ።

ማእድ ቤቱ የጋራ ከሆነ የጭስ ማስጠንቀቂያውን አስቡ። ቁሌት ስታቁላሉ ከምድጃው በላይ ያለውን ማራገቢያ እስከ መጨረሻው ክፈቱ፤ ወደ ኮሪደሩ የሚወስደውን በር ዝጉ። ቡና ስትቆሉ መስኮት ይከፈት። እጣኑ ትንሽ ብቻ ይሁን፤ መኝታ ክፍል ውስጥ ግን ጨርሶ አይጨስ። ደወሉ ከጮኸ ፎቁ በሙሉ በፒጃማ ወደ ውጭ ይወጣል።

ስለ ልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ፤ ጎረቤት የሚቀየመው እዚያ ነው። የፎቁ ነዋሪዎች ማሽኖቹን በጋራ ይጠቀማሉ፤ ሰዓት የሚያዘው በሰሌዳው ወይም በስልክ ነው። ሰዓታችሁ ሲያልቅ ልብሳችሁ ከማሽኑ መውጣት አለበት፤ አምስት ደቂቃ እንኳ አታሳልፉ። ከመውጣታችሁ በፊት የማድረቂያውን ወንፊት ስባችሁ አውጡና የተጠራቀመውን ብናኝ በእጃችሁ ጠራርጉት። የሳሙናውን መሳቢያ በጨርቅ አብሱት፤ ወለሉን ጥረጉ። ይህን ያላደረገ ሰው ግድግዳው ላይ ወረቀት ተለጥፎ ይጠብቀዋል፤ ፊት ለፊት የሚናገረው የለም። ጋቢና ነጠላ የሚሽከረከረው ማድረቂያ ውስጥ አይገባም፤ ያኮማትረዋል። እንደ ቁም ሣጥን ያለ ሞቃት ማድረቂያ አለ፤ እዚያ ውስጥ ስቀሉት።

ጎረቤት ራሱ መጥቶ አያናግራችሁም፤ ስለጠላችሁ ግን አይደለም። ቀን ቆርጣችሁ ጥሯቸው። «ሐሙስ 18 ሰዓት ቡና አፈላለሁ» ብላችሁ ሁለት ሳምንት ቀደም አድርጋችሁ ንገሯቸው። በሰዓቱ ይመጣሉ፤ ጫማቸውንም በር ላይ ያወልቃሉ። የእኛን ሰዓት አቆጣጠር ግን አገር ቤት ለምትደውሉበት አቆዩት።

ክፍል ውስጥ መምህሩን በመጀመሪያ ስሙ ጥሩት፤ ፕሮፌሰርም ቢሆን። የሌክቸር ሰዓቱ ትንሽ ነው፤ ንባቡ ነው የሚበዛው። ፈተና በስርዓቱ አስቀድሞ መመዝገብ ይጠይቃል፤ ቀኑ ካለፈ አይገባም። የወደቀ ሰው ድጋሚ ይፈተናል፤ ስለዚህ ወደቅሁ ብላችሁ አትሸበሩ።

ታኅሣሥ ሲገባ ፀሐይ ጠዋት 8:45 አካባቢ ወጥታ ከሰዓት 15:00 ሳይሞላ ትጠልቃለች፤ እንደ እዚህ ሰዓት አቆጣጠር። ቀን ላይ ብርሃን እያለ ግማሽ ሰዓት እንኳ ወጥታችሁ ተራመዱ። ጃኬታችሁ ላይ ብርሃን የሚያንጸባርቅ ነገር አንጠልጥሉ፤ ሾፌር በጨለማ የሚያያችሁ በእሱ ነው። ስለ ቫይታሚን ዲ ሐኪም አማክሩ። ጨለማው ሳይመጣ፣ ገና በነሐሴና በመስከረም፣ ከፎቆቹ ጀርባ ያለውን ጫካ ልመዱት። የሰው ግቢ እስካልገባችሁ ድረስ ማንም ሰው ብሉቤሪና ሊንጎን የሚባሉትን የጫካ ፍሬዎች ለቅሞ መሄድ ይችላል።

እንቅልፍ ከራቃችሁ፣ ክፍል መሄድ ካስጠላችሁ፣ ለሳምንታት ከሰው ከሸሻችሁ የዩኒቨርሲቲውን የተማሪዎች ጤና አገልግሎት ጠይቁ። በነርስነቴ የምነግራችሁ ነው፤ እስኪብስ አትጠብቁ። ለሕመም ምክር 1177 ይደወላል፤ በእንግሊዝኛም ያናግራሉ። ሕይወት ለሚያሰጋ ነገር 112። ሁለቱንም ቁጥሮች ዛሬውኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቧቸው።